የመውሊዱ ኪታብ የተፈታበት ቀን

ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጄ ነደባው ላይ፣ እንግዳ በምናስቀምጥበት ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ነጭ አንሶላ አንጥፋ የመውሊዱን ኪታብ ፈታትታ ዘርግታዋለች። የቆዳ ሽፋኑ ለብቻው፣ ወረቀቶቹ ለብቻቸው። ስልኳን ወደ ታች ዘቅዝቃ ፎቶ ታነሳለች። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ኪታቡ የእኔ አይደለም፤ የአጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። የጻፉት አያታቸው ናቸው፣ በእጃቸው። አጎቴ ፈረስ መጋላ አጠገብ ያለው ቤታቸው ማፍሰስ ሲጀምር "አማና ነው"፣ አደራ ነው፣ ብለው ፈላና በር ወደሚገኘው ቤታችን አመጡት። እሳቸው ዘንድ አማና ቀልድ አይደለም። ሌላው ወንድማቸው አንድ ጊዜ ኪታብ ተውሶ ዝናብ አስመትቶ ቢመልስላቸው፣ እስኪሞት ድረስ ደጁን አልረገጡም። ቀብሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ በሕይወት ሳለ ግን ሰላምታውን እንኳ አልመለሱለትም። ይህን እያወቅኩ ነው ኪታቡን የተቀበልኩት።

በመውሊድ ወር የዘመዱ ቤቶች ተራ በተራ ሰው ይጠራሉ። የዚያን ቀን ተራው የእኛ ነበር። ከዐስር ሰላት፣ ከቀትር በኋላ ካለው ስግደት፣ በኋላ አጎቴ መጥተው፣ ልጄ በትና ያስቀመጠችውን ያንኑ ኪታብ በሰው ፊት ሊያነቡ ነው። ልጄም ሌላ ቀን አጥታ አይደለም። በእኛ ቤት ልማድ ኪታቡ ከግድግዳው መደርደሪያ የሚወርደው የመውሊድ ዕለት ብቻ ነው። አቧራውን ልታራግፍ ተፈቅዶላት ስታወርደው፣ እንደ እሷ አባባል፣ "ዛሬ ካላነሳሁት መቼ?" ብላ ነው።

ጮህኩባት። በአንድ በኩል ለኪታቡ ነው፤ በሌላ በኩል ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ የስልክ ነገር ቀድሞም አንገፍግፎኝ ነበር። አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ድርሰት ስጠይቃቸው ከቴሌግራም ገልብጠው ያመጣሉ። አንዱማ "ቻናላችንን ይቀላቀሉ" የሚለውን እንኳ ሳይቆርጥ በእጅ ጽሑፉ አሳምሮ ገልብጦ ሰጥቶኛል። የሰው ልጅ መጽሐፍ ማንበብ ተወ እያልኩ በየሻይ ቤቱ ስለፈልፍ፣ ለመከራከሪያ የማቀርበው ሁልጊዜ አጎቴን ነው። በከተማው የቀሩት አንባቢ እሳቸው ብቻ ናቸው እላለሁ። አሁን የእኔው ልጅ በእኔው ቤት የእሳቸውን ኪታብ ገነጣጥላ ወደ ስልክ ስታስገባ አገኘኋት።

ልጄ አላለቀሰችም። ክሩ በስብሶ ስለነበር ገና ስትከፍተው እንደተበጠሰ፣ እሷ የቀረውን ብቻ እንደፈታች ነገረችኝ። ቤቱ ቢቃጠል ምን ይተርፈናል ብላም ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ይበልጥ አናደደኝ። ይልቅ ቅደም ተከተላቸውን ታውቂዋለሽ ወይ ስላት አንገቷን ደፋች። ፎቶ ያነሳቻቸው በተራ አሉ። ያላነሳቻቸውን ግን፣ እናቷ የግቢውን በር ስትከፍት የገባው ነፋስ ደባልቋቸዋል። ኪታቡ የገጽ ቁጥር የለውም።

ሰዓቴን አየሁ። የዐስር አዛን ሊባል ምንም ያህል አልቀረም።

ውዱ አድርገን፣ እጅ እግራችንን ታጥበን፣ ተቀመጥን። ቁርአን ቤት ሳለሁ የተማርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የድሮ ጸሐፊዎች በወረቀቱ ጀርባ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ የሚቀጥለው ወረቀት የሚጀምርበትን ቃል በትንሹ ይጽፋሉ። እኔ የግርጌውን ቃል አነባለሁ፣ ልጄ በዚያ ቃል የሚጀምረውን ወረቀት ትፈልጋለች። የዐረብኛውን ፊደል እንጂ ትርጉሙን ሁለታችንም አናውቀውም። ስታገኘው ታሳየኛለች፤ ከዚያ እኔ ተራው ላይ ከማስቀመጤ በፊት በስልኳ ቀጭ ታደርገዋለች። ይህቺን ቀጭ ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ተይ እንዳልላት ደግሞ ጊዜ የለም።

አንዳንዱ ቃል ደብዝዟል። አንዳንዱን ምስጥ በልቶታል። ሁለት ወረቀቶች በአንድ ዓይነት ቃል ጀምረው ልባችንን አወለቁት። ባለቤቴ ሴቶቹ ከሚያበስሉበት እየመጣች በበሩ አይታን ትመለሳለች። ልንጨርስ ስንል ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው፤ ሰግደው ጨርሰው ባጃጅ ይዘዋል።

የምንሰፋበት ክር አልነበረንም። ባለቤቴ የእንቅቦዋን ስፌት ጥላ ወስፌዋንና ጠንካራ ክር አመጣችልን። ወረቀቱን እኔ ጨብጬ ያዝኩ፣ እሷ በድሮው ቀዳዳ እየገባች ሰፋችው። መጨረሻው ላይ ያዝኩት ስል ጥቂት ወረቀት ከእጄ ሾልኮ ወደቀ፤ ልጄ ለቃቅማ ወደ ቦታው ሻጠችው። ሽፋኑን እንዳለበስነው አጎቴ ከበር "አሰላሙ ዐለይኩም" አሉ።

ቤቱ ሞላ። ከበሮው ተመታ፣ ለነቢዩ ሰለዋት ተባለ፣ ኪታቡ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጎቴ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው ገለጡ። እኔ በቀኛቸው ነበርኩ። ድምፃቸው ሲጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። ገጽ በገለጡ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ድምፃቸው ሳይሰናከል ሲያልፍ ትንሽ እለቀዋለሁ። ኪታቡ እየተጋመሰ፣ ከዚያም እያለቀ ሲሄድ፣ ተርፈናል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ ገጽ ገለጡ፣ ወረቀቱ ተዘቅዝቋል። ጽሑፉ ቁልቁል ተሰቅሎ ይታየኛል። ከእጄ ወድቆ ልጄ የሻጠችው ነው። አጎቴ ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ ዘመድ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ፣ ልጄ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ስትዋረድ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ።

አጎቴ አላቆሙም። ጣታቸውን በተገለበጠው መስመር ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየነዱ፣ በዚያው ዜማ፣ አንድም ቃል ሳይዘሉ ቀጠሉ። ጨረሱት፣ ገለጡት፣ አለፉት።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያየሁት ነገር ገባኝና ደስታው ከውስጤ ወጣ። ቀና ስል ልጄ ከሴቶቹ በኩል አፍጥጣ ታያቸዋለች። እሷም ገብቷታል።

ዱዓው ተደርጎ ሰው እጃቸውን እየሳመ፣ እንደ እርስዎ የሚያነብ ጠፋ እያለ ወጣ። እሳቸውም አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ቤቱ ሲሳሳ ልጄ ውሃ ይዛላቸው መጣች፤ ብርጭቆውን አስቀምጣ ግን አልሄደችም። እግራቸው ስር ቁጭ አለች። በዓይኔ ልከለክላት ሞከርኩ፣ ዞር ብላም አላየችኝ።

"አው" አለቻቸው፤ በቤታችን አባት የምንለው እንዲህ ነው። "ኪታቡን ፎቶ ላነሳው ብዬ የፈታሁት እኔ ነኝ። ስንሰፋው አንዱ ወረቀት ተዘቅዝቋል።"

አጎቴ ሰላምታ የነፈጉት ያ ወንድማቸው ትዝ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አማናውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"የትኛው?" አሏት።

ገልጣ ሰጠቻቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። ቆይተው ኪታቡን ቀስ ብለው ዘጉት።

"አላየሁትም" አሉ። "ካየሁ ቆየሁ፣ ልጄ። በልጅነቴ የያዝኩት ነው ከአፌ የሚወጣው። ሰው እንዳያውቅብኝ ገጹን እገልጣለሁ።"

አፈርኩባቸው ማለት አይደለም፣ ልቤ ተሰበረ። እሳቸው ግን ወደ እኔ አላዩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልመና በሚመስል አነጋገር፣ ስልክሽ ፊደል ያሳድጋል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቋት።

ልጄ ስልኳን አወጣች። የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ ከፍታ በሁለት ጣቷ ሳበችው፣ ሳበችው፣ ከመስመሩ ሁለት ቃል ብቻ መስታወቱን እስኪሞላው ድረስ። አጎቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ያ በሰው ፊት እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው ድምፅ የለም፤ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እየተንተባተቡ አንዱን ቃል አነበቡ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። እንባቸው በመነጽሩ ስር ሲወርድ አልጠረጉትም።

"አሳልፊልኝ" አሏት።

አሳለፈችላቸው። ጀምበር ጠልቃ መግሪብ አዛን እስኪል እሷ እየሳበች፣ እሳቸው እያነበቡ ተቀምጠው ነበር። እኔ ኪታቡን በጨርቅ ጠቅልዬ እንዳቀፍኩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ አምጣው ያለኝም የለም።