ያልተመረቀው ሳጥን

ሲወስዱኝ እጄን እንኳ አልታጠብኩም ነበር። ጋራዤ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቼ ካምቢዮ ሳወርድ ሁለት ሰዎች እግሬን መታ መታ አድርገው “ውጣ” አሉኝ። በዚያው ሳምንት በተደረገ ስብሰባ ላይ ስለ መሬት ድልድሉ የተሰማኝን ተናግሬ ነበር። ባለቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረችና አፌን ብይዝ ይሻለኝ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ጠላም አልቀመስኩም።

ያሰሩን በቆቦና በዋጃ መካከል ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ ሽታው የነቀዘ ማሽላ። ቀትር ላይ ግድግዳውን የነካ ሰው እጁን ቶሎ ይሰበስባል። አሥራ አንድ ሆነን እንተኛለን። ከጎኔ የሚተኙት በዋጃ በኩል የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ የተጣላ ሲያስታርቁ፣ ለታመመ ዱዓ ሲያደርጉ የኖሩ ገበሬ። ሁላችንም አባቴ እንላቸው ነበር።

በሁለተኛው ወር የጠባቂዎቹ አዛዥ አስጠራኝ። ግቢው ውስጥ ሞተሩ ነክሶ አልነሳ ያለ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሟል። አጠገቡ ከተሰባበረ መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር መሬት ላይ ተቀምጧል።

“ይኼን ነቅለህ ያንን ትገጥማለህ። ከኋላ ደግሞ የላሜራ ሳጥን ትሠራለህ። አብረውህ ያሉትን ወደ ሌላ ቦታ የምንወስድበት ነው። ሲያልቅ አንተ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።”

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። መፍቻ በእጄ ከያዝኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር።

አሮጌውን ሞተር ያነሳነው በግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት ጥለን ነው። አብረውኝ የታሰሩት እየተቀባበሉ ጎተቱ። አዲሱ ሞተር በስንዝር ይረዝማልና መቀመጫው ከሻንሲው ጋር አልገጥም አለ። የቀድሞውን ቆርጬ ሌላ በየድኩ። ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበትን ሳህን ከወፍራም ብረት ቆረጥኩና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሳሁ። የተነሳ ዕለት መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ድምፁ ረጋ። እስረኛውም ጠባቂውም አጨበጨበ።

ከዚያ ሳጥኑ መጣ።

“መስኮቱ በየት በኩል ይሁን?” ብዬ አዛዡን ጠየቅኩት።

“መስኮት የለውም። ወለሉ ላይ የሰንሰለት ቀለበት አድርግበት።”

የራያ ፀሐይ ላሜራን ምን እንደሚያደርገው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የባለቤቴ ወር መግባቱንም አውቃለሁ። በሁለት ቀን ዘግቼ በየድኩት፣ ቀለበቶቹንም ጨመርኩ። ልብስ እንዳይዝ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩት፤ ራሴን የሸነገልኩት በዚህ ነው።

በእኛ አገር የታደሰ መኪና ሽማግሌ ሳይመርቀው አይንቀሳቀስም። በጋራዤም ሳይመረቅ ቁልፍ አስረክቤ አላውቅም። መኪናውን እንዲነዳ የታዘዘው ሾፌር የዚሁ አገር፣ የሮቢት ልጅ ነበርና ልማዱን ያውቃል። አዛዡ ምሳ ሲሄድ ሽማግሌውን ከመጋዘኑ አስወጣቸው።

“አባቴ፣ ይመርቁልኝ። እንዲሁ አልነዳውም” አላቸው።

መኪናውን ዞሩት። ሞተሩን ዳበስ አድርገው “ማሻአላህ” አሉ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው ገቡና ተቀመጡ።

“በል ዝጋው” አሉኝ።

“ኧረ አባቴ፣ ቀትር እኮ ነው።”

“ዝጋው አልኩህ። የማላውቀውን አልመርቅም።”

ዘጋሁት። መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ ምንም። መታገሥ አቃተኝና ከፈትኩ። ሸሚዛቸው ርሶ ፊታቸው አመድ መስሏል። ትከሻዬን ይዘው ወረዱ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጥላ ሥር ተቀምጠው ውሃ ጠጡና ቀስ ብለው ተናገሩ።

“ልጄ፣ ሙያህ ጥሩ ነው። ይኼ ግን ትንፋሽ የለውም። ለዚህ የሚሆን ዱዓ እኔ ዘንድ የለም።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

የመበየጃውን ጄኔሬተር አስነሳሁ። በግራና በቀኝ፣ የተቀመጠ ሰው ፊቱ በሚደርስበት ልክ፣ ሰፋ ሰፋ ያሉ መስኮቶች ቆረጥኩ። ሾፌሩ ላሜራውን ያዘልኝ። ቀለበቶቹንም ከሥራቸው ቆረጥኳቸው። አዛዡ ሲደርስ የመጨረሻው ላይ ነበርኩ።

“ማን አዘዘህ?”

“ማንም አላዘዘኝም።”

“መልሰህ በይደው!”

መበየጃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

“ሌላ በያጅ ይፈልጉ ጌታዬ። እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ።”

መስኮቶቹን አያቸው፣ ሾፌሩን አየው፣ እኔን አየኝ። ጉዞው ለማግስቱ ተቆርጧል፤ በአቅራቢያው ሌላ በያጅ አልነበረም።

“እንግዲያው አንተም ትሄድበታለህ” አለና ሄደ።

በማግስቱ ተጭነን በሩ ሲቆለፍ ሽማግሌው መዳፋቸውን ላሜራው ላይ አሳረፉ። “የነዳውንም የተጫነውንም በሰላም ያግባ። የወጣ ይመለስ” አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን አልን። ከሁላችን ጮክ ብሎ አሜን ያለው ከፊት ያለው ሾፌር ነው። ቆቦን ስናልፍ መስኮቱ ጋ ተራው የእኔ ነበር። ቤቴ ያለበትን መንደር አየሁት፤ መኪናው አልቆመም።

የተፈታሁት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው። ልጄ ቆማ ትሄድ ነበር። እጄን ስዘረጋላት ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እስክትለምደኝ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያመኛል። ታሪኩን የሰሙ ሰዎች ጀግና ነህ ይሉኛል። መስኮቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እውነት ነው። አስቀድሞ የዘጋሁትም እኔ እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ።