ጋሼን ለቀስት ስለካቸው

ካርቱም፣ ጀብራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምሰፋው ጀላቢያ የሚባለውን የሱዳኖች ሰፊ ረጅም ቀሚስ ነው። አገሬ ሳለሁ ሦስት ዓመት እርሻ ተምሬያለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ስለ አፈር የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ቀስት ግን ተጠይቄያለሁ።

የጠየቁኝ በምኖርበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የሚኖሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ካርቱም ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ዕቃ ይረከባሉ። ሚስታቸው እዚሁ ነው ያረፉት። የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ጀብራ አድጋ፣ ካናዳ ሄዳ፣ እዚያ ፈረንጅ አገባች። ሽማግሌ አልተላከም። ጋሼ ሠርጉን ያወቁት በፎቶ ነው፤ ፎቶውንም ያሳያቸው የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ያን ዕለት በሰው ፊት "ልጅ የለኝም" አሉ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አባትና ልጅ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

በኩርፊያው መሃል የገባው ባልየው ነው። ሰውየው አዳኝ ነው። ሽማግሌ ስለሚባል ነገር የሚያውቀው ስለሌለ ያጠፋም አይመስለውም። አንድ ቀን ለጋሼ ደብዳቤ ጻፈ፤ የጉብኝት ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ፣ እርስዎ በመስከረም ይምጡና አብረን ኤልክ እናድን ይላል። ኤልክ ማለት የፈረስ ቁመት ያለው ባለ ትልልቅ ቀንድ አጋዘን ነው። እነሱ በቀስት ያድኑታል፤ ጠመንጃ አጥተው አይደለም።

ጋሼ ከደብዳቤው ጋር የመጣውን የኤልክ ሥዕል መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አውልቀውም አዩት።

"ምን አደረገኝ?" አሉ።

"ማን?"

"አጋዘኑ።"

ግን እሺ አሉ። "እኔ ከፈረንጁ ጋር አልተጣላሁም፤ የተኳረፍኩት ከእሷ ጋር ነው" አሉኝ። እኔ አላመንኳቸውም። ደብዳቤውን አጣጥፈው በደረት ኪሳቸው አስገቡት። ልጃቸውን ፈልገው ነበር፤ ያን ያህል ዓመት ሲፈልጓት ነው የኖሩት። የወጣውን ቃል መልሶ መዋጥ ግን አቃታቸው።

ችግሩ ቀስት እንዲሁ ዝም ብሎ አይገዛም። እንደ ሱሪ በሰው ልክ ነው። ባልየው ልኩን ጠየቀ። የሱን እንግሊዝኛ ደግሞ ጋሼ አይሰሙትም፤ የሳቸው እንግሊዝኛ የመጽሐፍ ነው። ስለዚህ ነገሩ በልጅቷ በኩል ማለፍ አለበት። ከልጅቷ ጋር ደግሞ ኩርፊያ አለ። እኛ ዘንድ የተኳረፉ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው፤ ሴትዮዋ አጠገቡ ተቀምጣ ሰውየው "ጨው አቀብዪኝ ብሏል በላት" ይላል። አንድ ሦስተኛ ሰው መሃል ይቀመጣል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ዓርብ ከሰዓት የእኔም ሱቅ የሳቸውም መደብር ዝግ ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ዚር በሚባለው የሸክላ ውሃ ማሰሮ ክዳን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ። ምስል ክልክል ነው፤ ድምፅ ብቻ። ለድምፅ ብቻ ግን ጢማቸውን ተላጭተው፣ የተተኮሰ ጀላቢያ ለብሰው ነው የሚጠብቁት።

"ባለመዘውሩ ይሻላል ይላል በልልኝ" ትላለች ልጅቷ።

"ባለመዘውሩ ይሻላል ትላለች" እላለሁ።

"ሰምቻለሁ በላት።"

"ሰምተዋል።"

"ሰማኋቸው እኮ" ትላለች።

ባለመዘውሩ ቀስት ሁለት ጫፉ ላይ መዘውር አለው፤ በመዘውሮቹ ላይ ሦስት አራት ገመድ ይመላለሳል። ጋሼ የሚያውቁት ቀስት እንጨትና ጅማት ነው። ባልየው የላከውን የቀስት ሥዕል ወደ እኔ አዞሩትና "ይሄ ቀስት ነው ወይስ ያንተ የስፌት መኪና?" አሉኝ። አስረዳናቸው። ገመዱን ስትስበው መጀመሪያ ይከብዳል፤ እስከ መጨረሻው ከሳብከው በኋላ መዘውሩ ሸክሙን ይወስድልሃል፤ ያኔ ተረጋግተህ ታነጣጥራለህ። ጋሼ ይህን ጠረጠሩት። "መጀመሪያ ከብዶ ኋላ የሚቀል ነገር አላየሁም፤ ሁሌ ተገላቢጦሽ ነው በላት።" አልኳት። ሳቀች። ጋሼ ሳቋን ሰምተው ወደ ግድግዳው ይበልጥ ዞሩ፤ ጆሯቸው ግን ወደ ስልኩ ነበር።

ቀጥሎ ገመዱ ሲሳብ የሚኖረው ክብደት ነገር መጣ። ለኤልክ ከሃምሳ ፓውንድ ባያንስ ይመረጣል አለ ባልየው። ጋሼ በአእምሯቸው አሰሉት፤ ሙሉ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አርባ አራት ፓውንድ ነው፤ ጥቂት ጡብ ይጨመርበታል። በግቢው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ገመድ አሳልፈን ጀሪካኑን አንጠለጠልንና ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ይስቡ ጀመር። ሱዳናዊቷ የቤቱ ባለቤት አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና "ያ ዘውል፣ አንተ ሰውዬ፣ ቧንቧ እኮ አለ" ብላ ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ጀሪካኑ ከመሬት አልተላቀቀም። በስድስተኛው ሳምንት ጉልበት ላይ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የገባኝ ነገር አለ። ጋሼ ቀስቱን ሊመርጡ አልፈለጉም። አንዱ ጥያቄ ሲያልቅ ሌላ ያመጣሉ። የፍላጻው ርዝመት። ቀለሙ። አጋዘኑ ቀለም ያያል አያይም። ልጅቷም ብትሆን በአንድ ቀን መልስ የሚገኝለትን ነገር "እስኪ ጠይቄው ለዓርብ" ትላለች። ቀስቱ ከተመረጠ ስልኩ ያበቃል፤ ሁለቱም ያውቁታል፣ አንዳቸውም አይናገሩትም። እኔ ደግሞ ከቀስቱ ይልቅ ለዚህ ነበር የምሰጋው። እንዲያውም የጉብኝት ወረቀቱ ሳያልቅ ጥያቄው እንዳያልቅ ብዬ ሌሊት ጥያቄ አስቤላቸው አድሬ አውቃለሁ።

በመጨረሻ የቀረው ክንድ ነበር። ሁለት እጅ ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች ይለካና ለሁለት ተኩል ይካፈላል፤ ገመዱ የሚሳበው በዚያ ልክ ነው። መለካት ሥራዬ ነውና አላቅማማሁም። ጋሼ ከነጀላቢያቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከጀርባ መሃል እስከ ቀኝ ጣት፣ ከጀርባ መሃል እስከ ግራ ጣት ለካሁ። ስልሳ ስምንት ተኩል። ጋሼ ወዲያው አካፈሉት፤ ሃያ ሰባት ነጥብ አራት። ላክን።

በሚቀጥለው ዓርብ የልጅቷ ድምፅ ሌላ ሆኗል።

"ስንት ነበር ያልከኝ ወንድሜ?"

"ስልሳ ስምንት ተኩል።"

"ሙስተሒል! አይሆንም! ከጣት እስከ ጣት የሰው ቁመት ያህል ነው ይላል። አባቴ ያን ያህል አይረዝምም። ከእኔ የሚበልጠው ሁለት ጣት ነው፤ በሩ ላይ ተለካክተን ምልክት አድርገናል። ገመዱ አንድ ኢንች ከረዘመ ክንዱን ይገርፈዋል ይላል፣ ዋላሂ።"

ያን ጊዜ ስህተቴ ታየኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሱዳናዊ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያስለመደኝ ነገር አለ፤ በዚህ ሙቀት ልብስ ገላ ላይ መለጠፍ የለበትም፣ ስለዚህ በየልኩ ለነፋስ ሁለት ጣት ትጨምራለህ። አሥራ አንድ ዓመት ስጨምር ኖሬ አሁን እጄ ሳይጠይቀኝ ይጨምራል። በቀኝ ሁለት ጣት፣ በግራ ሁለት ጣት። ለቀስት።

"ነፋስ ጨምሬበታለሁ" አልኩ።

"ምን ጨመርክበት?" አሉ ሁለቱም እኩል።

በስድስት ዓመት ውስጥ አብረው የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ እሱንም የተናገሩት ለእኔ ነው።

ነገርኳቸው። ልጅቷ "ካሜራውን ክፈተው። እያየሁ ለካው" አለች።

"ምስል አያስፈልግም በላት" አሉ ጋሼ።

በራሴ አፍሬ ነበር፤ የሚያፍር ሰው ደግሞ ቶሎ ይናደዳል። "እንግዲህ ኻላስ፣ በቃ!" አልኩ። "አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ሁለተኛ ያለ ምስክር አልለካም። ጀላቢያውንም ያውልቁት፤ በጨርቅ ላይ አልለካም።" ጋሼን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ተነሥተው ጀላቢያቸውን አወለቁ። በካናቴራ ቀሩ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔም ካሜራውን ከፈትኩት።

በየቀኑ የማያቸውን ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት። የክንዳቸው ሥጋ አልቋል። ጀሪካኑን የሚስቡበት ትከሻ ወደ ታች ወርዷል። ከጣት ጫፍ ጀምሬ በግድግዳው ላይ፣ በደረታቸው አሳልፌ እስከ ሌላው ጣት ጫፍ ለካሁ። ምንም አልጨመርኩም። ስልሳ አምስት ተኩል። እንዳልሳሳት ደገምኩት፤ ያው ነው።

ቁጥሩን ልነግራት ወደ ስልኩ ዞርኩ። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛለች።

"አባዬ፣ ፀጉርህ..." አለች።

ልማድ ነውና "ፀጉርዎ ትላለች" ብዬ ጀመርኩ።

"ሰምቻለሁ" አሉ ጋሼ።

"በላት" ይከተላል ብዬ ጠበቅሁ። አልተከተለም። ጋሼ አሁንም እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው፤ ክንዳቸው ዝቅ ዝቅ ማለት ጀምሯል። ስልኩን እያዩ፣

"እጄን ላውርደው?" አሉ።

ለክቼ ስለጨረስኩ "ያውርዱት" ልል አፌን ከፈትኩ። የጠየቁት እኔን እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"አውርደው አባዬ" አለች። "ደክሞሃል። አውርደው።"

አወረዱት። ከኋላዋ ባልየው በእንግሊዝኛ ቁጥሩ ስንት እንደመጣ ይጠይቃል። ስልሳ አምስት ተኩል አልኩት። ከሁለቱ አንዳቸውም አልሰሙኝም።