ጉልበቴን አጥፌ የተከላከልኩበት ጨዋታ

ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ባለው ምድር በቴስታ የሚበልጠኝ አጥቂ አልተወለደም። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ስቶፐር ሆኜ ስጫወት ከፍ ብላ የመጣች ኳስ ሁሉ የእኔ ነበረች። አንዳንዴ ዘልዬ አየር ላይ ስቆይ የብስራተ ገብርኤልን ጉልላት አይቼ፣ ተሳልሜ ነበር የምወርደው። ይህን ለልጆቼ ስነግር ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ አጥቂ ተወልዷል።

ጊዜው የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ለየቀበሌው ኮታ ይመጣል፤ ኮታው ካልሞላ ወጣቱ ከመንገድ ይታፈሳል። በደንቡ የሚታየው ዕድሜ ነው ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን የሚፈራው ቁመት ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በጽሕፈት ቤቱ መቃን ላይ በከሰል አስምሯል፣ አናቱ መስመሩን የነካ ሁሉ ለግንባር ደርሷል ተብሎ ይወራል። መስመሩን በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ወሬውን ያላመነም አላጋጠመኝም። እኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ ግን እንኳን መስመሩን ጣሪያውንም ያልፋል።

እናቴ መላ ዘየደች። በየሦስት ቀኑ ጺሜን በአባቴ ምላጭ ትላጨኛለች። የታናሽ ወንድሜን ቁምጣ አስለበሰችኝ፤ ስለሚጠበኝ ስቀመጥ ትንፋሼን እውጣለሁ፣ ስነሳ እተነፍሳለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ እንድሄድ ማዘዟ ነው።

«ውጭ እጠር፤ ቤት ስትገባ እንደፈለግህ ርዘም» አለችኝ።

ቀልድ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ጉልበቴን አጥፌ ሄድኩ። ጎረቤቶቻችን፣ በዚህ ዕድሜው ሪህ ያዘው እያሉ አዘኑላት። ማታ ማታ ጭኔ በራሱ ይዘል ነበር፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ደግሞ ልቤ ከጭኔ ይበልጥ ይዘላል።

የትምህርት ቤቶቹ የዋንጫ ጨዋታ ላፍቶ ጫፍ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ተደረገ። ስናሟሙቅ ሊቀመንበሩ ከቢሮው ወንበር አስመጥቶ ሜዳው ዳር ቁጭ አለ። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር። በረኛችን ሰውየው ኳስ እንደማይወድ ሹክ አለኝ። ታዲያ ለምን መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

የተቃራኒው ቡድን አጥቂ የእኛው ቀበሌ፣ የመካኒሳ ልጅ ነው፤ አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ እሱም ከትምህርት መልስ ቁልፍ ይተክልላቸዋል። ድንክ ቢጤ ነው፤ ሲዘል ግን አንበጣ ነው። አጎንብሼ ሲያየኝ ሳቀ።

«አባቴ፣ ምነው አጠርክ? ታጥበህ ነው?»

ወደ ወንበሩ በዓይኔ ጠቆምኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

«እኔ አጭር ነኝ፤ እኔን ማን ያየኛል።»

ጨዋታውን ጉልበቴን እንዳጠፍኩ ተጫወትኩ። በመሬት የሚመጣውን እንደ ምንም መለስኩ። በአየር የሚመጣውን ለሌሎቹ እየተውኩ የማይታመን ሰበብ ስደረድር አሰልጣኛችን ጸጉሩን ይነጭ ነበር። እኔ ኳሷን ሳይሆን ደብተሩን ነበር የምከታተለው። ሰውየው ብዕሩን ባነሳ ቁጥር ስሜን የሚጽፍ ይመስለኛል።

ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ባዶ ለባዶ እንደሆንን፣ የማዕዘን ምት መቱ። ኳሷ ከፍ ብላ በቀጥታ ወደ ግንባሬ መጣች። በረኛችን «ያንተ ናት» አለ። መዝለል እንኳ አያስፈልገኝም፤ ቀና ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ወደ ወንበሩ አየሁ። ሊቀመንበሩ የብዕሩን ክዳን ከፍቷል። አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ ቀበርኩ።

አጭሩ ልጅ ከኋላዬ ተነስቶ በላዬ አለፈ፤ ጉልበቱ ጆሮዬን ሲነካኝ ተሰምቶኛል። በቴስታ አገባት። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሳ፤ ለመስማት በሚበቃኝ ርቀት ላይ ነበርኩ።

«ይሄ ድንክ የማን ልጅ ነው?» አለ ወደ አንዱ ጠባቂ ዞሮ። መልሱን ሰምቶ ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ከአባቱ የስፌት መኪና አጠገብ ወሰዱት።

ደርግ ሲወድቅ በእግሩ ተጉዞ መጣ፤ እስከ ዛሬ ግራ እግሩን ይስባል። መካኒሳ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። በሄድኩ ቁጥር ለደንበኞቹ እኔን እያሳየ፣ ይሄን ባሕር ዛፍ በቴስታ የበለጥኩት እኔ ብቻ ነኝ ይላቸዋል። እኔም እውነቱን ነው እላለሁ። እንዳልዘለልኩ ነግሬው አላውቅም።

ሌላም ያልነገርኩት አለ። የተወሰደ ዕለት እናቴ ወሬውን ይዛ መጥታ ስታለቅስ፣ እኔ አላለቀስኩም። እሱ ከሄደ ኮታው ሞላ፣ እኔ ቀረሁ ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ። የቀረበልኝን ሽሮ ጠርጌ በላሁና ጨምሪልኝ አልኳት።