አፕዴቱ የበላው አንደበት

ቲፌን ኬሜኔር የጎረቤቴ ልጅ ናት። እዚሁ ዱዋርኔኔ፣ በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ባለችው ከተማችን፣ ሰርዲን በሚያሽገው ፋብሪካ የማሽን ጥገና ትሠራለች። ቁጡ ናት። ለሐሜት አይደለም የምለው፤ ራሷም «ቁጣዬ ባይኖር ጠዋት ከአልጋ ማን ይጎትተኛል?» ትላለች። የወረሰችው ከአባቷ ነው። ፋንሽ ኬሜኔር በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በሊሴው፣ ሒሳብ ሲያስተምር ጩኸቱ ዓሣ ገበያው ድረስ ይሰማል ይባል ነበር።

ያን ጩኸት ስትሮክ ወሰደው። አእምሮው እንደ ድሮው ስለት ነው፤ ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው። ቀኝ እጁም ሽባ ሆነ። ሆስፒታሉ እየጻፈ እንዲያናግርበት ታብሌት ሰጠው። የሚንቀጠቀጠው ግራ ጣቱ ስክሪኑን ሲነካ ሦስት አራት ፊደል ባንዴ ይጭናል፤ ከዚያ ከታብሌቱ ውስጥ አንዲት ሴት እንደ አውሮፕላን አስተናጋጅ በለሰለሰ ድምፅ «ብብፕል» ትላለች። ሳምንት ሳይሞላ ታብሌቱን ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ወረወረው። እዚያው ነበርኩ። ገንዳው ውኃ ነበረበት።

ያኔ ነው ቲፌን ካልኩሌተሯን ከቁም ሣጥን ያወጣችው። ግራፍ የሚስለው፣ ሊሴ ሳለች አባቷ የገዛላት ነው። ተማሪ እያለች ከጓደኞቿ ጋር አምራቹ ያላሰበውን ቀዳዳ አግኝተው ሊኑክስ ጭነውበት ነበር፤ ማንም እንደ ልቡ ሊያስተካክለው የሚችለውን፣ ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበትን ሥርዓት። ለምን? ስለሚቻል። ፋንሽ ያኔ «ካልኩሌተር ለማስላት ነው!» ብሎ ጮኾባት ነበር።

አሁን ግን ለእሱ ብላ ከፍታ እንደገና ሠራችው። ሲበራ የሊኑክስ ምልክት የሆነው ፔንግዊን ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ባዶ ነጭ ገጽ፤ የሚጻፈው ፊደል ከክፍሉ ማዶ የሚነበብ ትልቅ። ቁልፎቹ ጠጣር ስለሆኑ ጣቱ ቢንቀጠቀጥም የፈለገውን ብቻ ይጫናል። ደግሞም ያን የቁልፍ ሰሌዳ ጣቱ በጨለማ ያውቀዋል። የስኩዌር ሩቱን ቁልፍ ሲጫን ገጹን ሞልቶ «ስህተት!» የሚል እንዲወጣ አደረገችለት፤ ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚጮኸው ቃል ነበርና። መጀመሪያ የጫነው እሱን ነው። ከዚያ እንደ ልጅ እየደጋገመ ተጫነው።

የካርታ ጨዋታችን ተመለሰ። እኔና ባለቤቴ በአንድ ወገን፣ አባትና ልጅ በሌላው። ባለቤቴ መጥፎ ካርታ በጣለች ቁጥር ፋንሽ ካልኩሌተሩን ወደ እሷ ያዞራል፤ «ስህተት!»

«ጆብ፣ ይህን ሰውዬ ዝም በል በለው!» ትለኛለች እየሳቀች።

ዝም እንዲል ያደረገው ብሪየግ ነው፤ የቲፌን ወንድም። ሬን ከተማ ይኖራል፤ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ሁልጊዜ ከሐሳቡ ይቀድማል። ቲፌን ሥራ ላይ እያለች ሊጠይቅ መጣ። የካልኩሌተሩ ባትሪ አልቆ ነበር፤ እንዲሞላ ብሎ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። ላፕቶፑ ላይ ተማሪ ልጁ የምትጠቀምበት የአምራቹ ፕሮግራም ነበርና «አዲስ አፕዴት አለ፤ ይጫን?» ብሎ ጠየቀ። ብሪየግ «አዎ» አለ።

ቲፌን ስትመለስ ፔንግዊኑ የለም። አባቷ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የስኩዌር ሩቱን ቁልፍ ይጫናል። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በስኩዌር ሩት ምልክት ተሞልቷል። ፊቱ ቀልቷል፤ አሁንም ይጫናል።

«ምን አደረግህ?» አለች።

«ምንም፤ አፕዴት ብቻ…»

«ማን አድርግ አለህ?»

«ጠየቀኝ እኮ!»

«ጠየቀኝ! ነገ ቤቱን ላቃጥለው ብሎ ቢጠይቅህስ? አንተ አጋሰስ! አዲሱ ቀዳዳውን ዘግቶታል፤ ወደ አሮጌው መመለስም አይፈቅድም። ገባህ? የአባትህን ምላስ ነው የቆረጥከው!»

ብሪየግ አለቀሰ። እሷ ግን አላዘነችለትም። ጃኬቱን አንሥታ በር ላይ ሰቀለችለት፤ ውጣ ማለቷ ነው።

በማግሥቱ አምራቹ ዘንድ ደወለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ስለነበር እኔም ሰማሁ። አንዲት ሴት በትሕትና፣ «እመቤት፣ ገደቡ ለፈተና ፍትሐዊነት ሲባል የተደረገ ነው፤ ተማሪዎች እንዳያጭበረብሩ» አለቻት።

«አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል። የሊሴ መልቀቂያ፣ ባካሎሬያ የሚፈተን ይመስልሻል?»

«ደንቡ ለሁሉም ደንበኛ እኩል ነው፣ እመቤት።»

«ካልኩሌተሩ የማን ነው? የእኔ ነው ወይስ የእናንተ?»

«የእርስዎ ነው፣ በእርግጥ።»

«ታዲያ የእኔ ከሆነ አሮጌውን ሶፍትዌር መልሱልኝ!»

«ለራስዎ ደኅንነት ሲባል…»

ስልኩን ዘጋችው። ሳትወረውረው በጥንቃቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ለደኅንነቴ!» አለች፤ «ሰው አፉን ተቀምቶ፣ ለደኅንነትህ ነው ይባላል!»

የድሮ ጓደኞቿ ከያሉበት መልስ ሰጧት፤ አዲሱን የሚከፍት ገና አልተገኘም፤ አፕዴት ያልነካው አሮጌ ካልኩሌተር ፈልጊ አሏት። ሊሴው ሄደች፤ የትምህርት ቤቱን ካልኩሌተሮች ሁሉ በጋ ላይ አፕዴት አድርገዋቸዋል። ሰው አሮጌ ዕቃውን መንገድ ላይ በሚሸጥባቸው እሑዶች እኔም አብሬያት እየዞርኩ ከየጠረጴዛው ካልኩሌተር አነሣሁ። አብርታ ታየዋለች፤ ትመልሰዋለች። ፕሎጎፍ መንደር ላይ አንድ ሰው ፈገግ ብሎ «ገዢ እንዳይቸገር ብዬ ትናንት አፕዴት አደረግሁት፣ የኔ እመቤት» አላት። ሰውዬው የሠራው ደግ ሥራ ነው። ቲፌን ግን ፊቷን አዙራ መኪናው ውስጥ ገባች፤ መሪውን በጡጫ ስትመታ አየኋት።

ፋንሽ በእነዚያ ሳምንታት ከሰው ፊቱን አዞረ። ካርታውን ብንዘረጋ አያነሣም። ምግብ ስናቀርብለት ሳህኑን ይገፋል። በተለይ ያናደደኝ ሰዎች አጠገቡ ቆመው «ዛሬ እንዴት ዋለ?» ብለው እኔን መጠየቃቸው ነው። እሱ እዚያው ተቀምጦ! ዓይኖቹ ሲፈነዱ ይታየኛል።

ከዚያ፣ እኔና ባለቤቴ እነ ፋንሽ ቤት ሳለን፣ አናይግ መጣች።

አናይግ ወደቡ አካባቢ ፀጉር ቤት አላት። ቲፌን አሮጌ ካልኩሌተር እንደምትፈልግ ሰምታ ነው። የፋንሽ ተማሪ ነበረች፤ ከክፍል አባሯታል፤ ከዚያም ሊሴውን ሳትጨርስ ወጣች። ካልኩሌተሯን የዚያን ቀን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ ከዚያ ወዲህ አላበራችውም። አፕዴት አያውቀውም።

ካፖርቷን ሳታወልቅ ፋንሽ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ካልኩሌተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እጇን ግን አላነሣችም።

«መምህር ኬሜኔር፣ መስጠቴን እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን ይሰሙኛል። በክፍሉ ሁሉ ፊት ደደብ አሉኝ። እናቴ ፋብሪካ ሌሊት ትሠራ ነበር፤ ወንድሞቼን የማበላው እኔ ነበርኩ። አልጠየቁኝም። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም!» ካልኩሌተሩን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «እስከ ዛሬ የፀጉር ቤቱን ሒሳብ በሰው ነው የማሠራው፤ ቁጥር ሳይ የእርስዎ ጩኸት ይመጣብኛል።»

ፋንሽ አፉን ከፈተ። አንድ ሻካራ ድምፅ ወጣ፤ ቃል አልነበረም።

«አይ፣ እንዲህ አይደለም» አለች አናይግ። ወደ ቲፌን ዞረች። «ጫኚለት። መልሱን ሳልሰማ አልሄድም።»

ቲፌን በኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ አለች። ባለቤቴ ለመነሣት ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። በመጨረሻ ፔንግዊኑ ብቅ አለ። ቲፌን ካልኩሌተሩን ወደ አባቷ ገፋችው።

ፋንሽ በአንድ ጣቱ ቀስ እያለ ጻፈ። አናይግ አንገቷን አስግጋ ፊደሉን አንድ በአንድ ተከተለች።

«ደደብ አላልኩሽም። ሰነፍ ነው ያልኩሽ።»

«ምን?» ካፖርቷን እንደለበሰች ብድግ አለች። «ደደብ ብለውኛል! ሐሙስ ቀን ነበር! ጆሮዬ አይዋሽም!»

የስኩዌር ሩቱን ቁልፍ ተጫነ። «ስህተት!»

እንዴት እንደተጨቃጨቁ ልነግራችሁ አልችልም። እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይጽፋል፤ ገና ሳይጨርስ እሷ ትመልሳለች፤ እሱ በንዴት ጠረጴዛውን ይደበድባል። «አርጅተው እንኳ አልተሻሉም!» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ግን ረጅም ነገር ጻፈ፤ በጣም ቆየበት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪጨርስ ጠበቀችው። «ስለ ወንድሞችሽ አላውቅም ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቢሆንም ሰነፍ ነበርሽ።»

አናይግ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ካልኩሌተሩን አልወሰደችውም።

ቲፌን ለብሪየግ ወዲያው አልደወለችም። ፋንሽ «ወንድምሽን ጥሪ» ብሎ ከጻፈላት በኋላም ቀናት አሳለፈች፤ ስትደውልም ይቅርታ አላለችም። «እሑድ ና፤ ላፕቶፕህን ግን መኪናህ ውስጥ ትተወዋለህ» ነው ያለችው። መጣ። ጋሌት የሚባለውን ስስ ቂጣ በላን፣ ሲድር የሚባለውን የፖም መጠጥ ጠጣን፤ እህትና ወንድም ግን አሁንም እንደ ድሮው አይሳሳቁም። ለአምራቹም እስከ ዛሬ ትደውላለች። «ስልክ የምታነሣውን ልጅ አልቆጣትም» ትላለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ፤ «አለቃዋን ነው የምፈልገው።» አለቃዋ እስካሁን አልተገኘም። እኔም እንዲገኝ እመኛለሁ፤ የምነግረው አለኝ።

አናይግ በተከታዩ ሰኞ ተመልሳ መጣች፤ ሰኞ ፀጉር ቤቷ ዝግ ነው። መቀስና ማበጠሪያ ይዛለች። «ይህን ጎፈሬ ይዘው ከሰው ጋር መከራከር አይችሉም» ብላ ፎጣ አንገቱ ላይ አሠረችለት። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ትመጣለች፤ መቀሱ ከሚቆርጠው ይልቅ ጭቅጭቁ ይበልጣል። ባለፈው ጆሮውን ጫፉ ላይ በመቀስ ነክታዋለች። ሆን ብዬ አይደለም ትላለች፤ ፋንሽ ግን ሙሉ ገጽ ጻፈባት።