የያኒባ አሥራ ሁለት በጎች

በአሜሪካ የናቫሆ ጎሳ በግ አርቢዎች ለሥልጠና በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ያኒባ የታደላትን ወረቀት ስታይ ልቧ ድንግጥ አለ። «የበጎች ብዛት» ይላል። በአያቷ ዘመን የመንግሥት ሰዎች መጥተው በጎቹን ቆጠሩ፤ ከዚያ «ሣሩን ጨረሱት» ብለው አብዛኞቹን መርጠው ሸለቆ ውስጥ በጥይት ፈጇቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በእነያኒባ ቤት የበግ ቁጥር ለማንም አይነገርም።

«እማማ፣ ስንት ብዬ ልጻፍልዎ?» አለቻት ወጣቷ አሠልጣኝ፣ የጎሳዋ ልጅ።

«ጥቂት ናቸው።»

«ጥቂት?» ብሎ ሳቀ ጎረቤቷ ሆስኪ። «ትናንት መንገድ ዘግተው ግማሽ ሰዓት ያቆሙኝ የማን ናቸው ታዲያ?»

«አንተ ምን አገባህ! አሥራ ሁለት ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ጻፈች። ሥልጠናው ሲያበቃ ግን የበረዶ ሳጥኗን ከፍታ፣ በተጻፈው ቁጥር ልክ ክትባት አደለች። «በግ የሚፈጀው በሽታ ከወንዙ ማዶ ደርሷል፤ ዛሬውኑ ውጓቸው። ትርፍ አንድም የለኝም።»

ያኒባ አሥራ ሁለት መርፌ ይዛ በረቱ በር ላይ ቆመች። አርባ አንድ በጎች ቀና ብለው አዩዋት። በአያቷ ጊዜ የሚሞቱትን የመረጠው ባዕድ ነበር። ዛሬ የምትመርጠው እሷው ናት።