ጾም ያስገድፋል የተባለው ጠብታ

ባለፈው ሁዳዴ ነው። አማቴን ጋሽ ታከለን ከጋሳይ አምጥቼ፣ ደብረ ታቦር ዓይን ሐኪሙ ፊት ተቀምጠናል... የሐኪሙ ፊት ግን አልተፈታም።

ጋሽ ታከለ የዓይን ሞራም፣ በዓይን ግፊት ብርሃን የሚሰርቀው ግላኮማም አለባቸው። ሐኪሙ ቀደም ብሎ በግልጽ ነግሮናል፤ ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ ግላኮማው የወሰደው ግን አይመለስም። ቀዶ ሕክምናውም የሚሠራው መጀመሪያ የዓይናቸው ግፊት በጠብታ ሲወርድ ነው። የዛን ቀን ሲለካ ጭራሽ ብሶበታል።

«አባቴ፣ ጠብታውን በትክክል ያደርጋሉ?»

«ጧትና ማታ። አንድ ቀን አላዛነፍሁም።»

«ጧት ስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ነዋ፤ ከቅዳሴ መልስ።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

«ለምን እስከዚያ ይቆያሉ?»

«ይመራል እኮ ልጄ። ዓይን ላይ ጠብ ሲል ጉሮሮ ይደርሳል። ጉሮሮዬ የደረሰ ነገር እያለ ጾምሁ ልበል?»

ሳቄ መጣ... ግን ፈራሁም። በዚህ ከቀጠሉ የቀረቻቸውም ብርሃን ልትጠፋ ነው። ሐኪሙ ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ጫን ቢያደርጉት ጉሮሮ እንደማይወርድ አሳያቸው። አልተዋጠላቸውም።

ሲቸግረኝ ለንስሐ አባታቸው ደወልኩና፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነገሩን አስረዳሁ። ቄሱ ሰምተው ሲያበቁ መለሱ...

«እኔስ ግላኮማ ይዞኝ ጧት ጧት አይደል የማደርገው?»

«ታዲያ ምነው አባ፣ ሳይነግሩኝ?» አሉ ጋሽ ታከለ፣ ቅር ብሏቸው።

«መቼ ጠየቅኸኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይልቅ ጠብታ ጾም አያስገድፍም፤ በጊዜው አድርግ።»

ግፊቱ ወረደ። ከፋሲካ በኋላ ሞራው ተነሳላቸው። እሽጉ የተፈታ ዕለት ጋሽ ታከለ ፊት ለፊታቸው የቆመችውን ልጃቸውን፣ ባለቤቴን አይተው ፈገግ አሉ።

«ከስተሻል አንቺ... ባልሽስ የት ሄደ?»

«እዚሁ አጠገብዎ ነኝ ጋሼ።»

አንገታቸውን አዞሩ። «ከፊቴ ቁም እንጂ። የጎኑንማ ግላኮማው ወስዶት የለ?»

ሐኪሙ እንዳለው ነው የሆነው። የተረፈው ግን ጥርት ብሎላቸዋል። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

አሁን ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ይደዋወላሉ።

«አደረግህ?»

«አደረግሁ አባ። አንቱስ?»

በደቡብ ጎንደር እንደዚህ ጠባቂ የበዛለት ጠብታ ያለ አይመስለኝም።