ሰይድን ያላየሁበት ካሴት

ባለፈው እሁድ ለለቅሶ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ስመለስ የወጣቶች ጨዋታ ያለበት ሜዳ ጥግ ቆም አልኩ፤ ጉልበቴ ብዙ መቆም ባይወድም ኳስ እያየሁ ማለፍ አልችልም። አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ አንዱን ተከላካይ እየጠቆመ፣ «ይሄ ልጅ ለመሆኑ ምን ይሠራል? ቆሞ ነው እኮ የሚውለው!» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ጨዋታው ሳያልቅ ሚኒባስ ተሳፈርኩና የሐረጎን ዳገት ስወጣ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለ አንድ ሰው በገዛ እጄ የጻፍኩትን እያሰብኩ ደሴ ገባሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ ከተጎዳ በኋላ የኳሱን ነገር ትቼ፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ ሠርግ እቀርጽ ነበር። የሠርግ ቀራጭ ኑሮ ክፉ አይደለም፤ በበጋ ከዳስ ዳስ ሲዞር ሥጋ አያጣም። ክረምቱ ሲቃረብ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ደሴም ከቶሳ ተራራ በሚወርደው ጉም ተሸፍና ትከርማለች።

ሥራ በቀዘቀዘበት ሰሞን ጋሽ ታደሰ መጡ። በልጅነቴ ያሠለጠኑኝ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ይዘው ነበር። ፋብሪካው ተጫዋቾቹን በኮንትራት ይቀጥራል፤ ጠዋት ማሽን ላይ፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ በኳሱ የተመሰገነ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል፣ ያልተመሰገነ ይሰናበታል።

«ይመር፣ የእሁዱን ጨዋታ ቅረጽልኝ» አሉኝ። «ከዚያ ቁጭ ብለህ ተከላካዮቼን ገምግምልኝ። እኔን ሁሉም ያሳዝኑኛል፤ አንተ ኳስ ታውቃለህ።»

ኩራቴን አትጠይቁኝ። እሁድ ዕለት በአንድ አይሱዙ ላይ ወጥቼ ቀረጽኩ። ካሜራው ያረጀ ስለነበር ወዲያ ወዲህ ማዞር ፈርቼ ሜዳውን አስፍቼ ያዝኩት። የኮምቦልቻ ፀሐይ አናት ይበሳል። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ከመኪናው ስወርድ ሰይድ የሚባለው የኋላ ተከላካይ ወደ እኔ መጣ። ከገራዶ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳ ይዞ፣ «አያ ይመር፣ ፀሐይ ፈጀህ እኮ» ብሎ ግማሹን ሰጠኝ። ምስሩ በርበሬ በዝቶበት እንባዬን እስኪያመጣው እያቃጠለኝ በላሁ።

ግምገማው ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ደብተር ላይ የተጫዋቾቹን ስም ጻፍኩና አንዱ ኳስ በነካ ቁጥር ጭረት አደረግኩ። እስከ ተጋጣሚው ግብ የሚሮጠው የግራ ተከላካይ መስመሩ በጭረት ሞላ። የሰይድ መስመር ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ኳስ ብዙም አይነካም። ብዙ ጊዜ ቆሞ ይመለከታል። በጨዋታው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደስ አሰኘችኝ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሰው በወጣትነቱ፣ ያማረ አነጋገር ሲያገኝ እውነት ያገኘ ይመስለዋል።

ወረቀቱን ለጋሽ ታደሰ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ሰይድ ራሱ ቪዲዮ ቤቱ ድረስ መጣ። ከበሩ አልገባም።

«ካሴቱን አይተኸዋል አሉ። እንዴት ነኝ?»

ፊቱን ሳይ አፌ እውነቱን ማውጣት አቃተው። «ደህና ነህ፣ አብሽር» አልኩት።

«ወላሂ?» ፊቱ በራ። «ቋሚ ከሆንኩ እማዬን ኮምቦልቻ አመጣታለሁ። ብርዱ እግሯን እየያዘባት ነው።»

በሐምሌ ተሰናበተ። በጅቡቲ አድርጎ ወደ የመን ሊሻገር ከጓደኞቹ ጋር መነሳቱን ሰማሁ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ፦ ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ ሰይድ ከተረፉት ውስጥ የለም።

በሚቀጥለው ክረምት፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ላስቲክ የደረቡ ሴትዮ ከቪዲዮ ቤቱ ደጅ ቆሙ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ልጄ፣ ይመር የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ እማማ። ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

«ዘሀራ እባላለሁ። የሰይድ እናት ነኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የልጄ ፎቶ የለኝም። እዚህ ቤት በካሴት አለ አሉኝ። አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው።»

አስቀመጥኳቸውና ካሴቱን ከፈትኩ። በጣቴ ሳሳያቸው ተነሥተው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉና መስታወቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸው ከልጃቸው አልተነቀለም። ኳሷን ከነመኖሯም ያወቋት አይመስለኝም። ብዙ ቆይተው፦

«ይሄ ቀጭኑ ልጅ ሁልጊዜ ወዴት ነው የሚሮጠው?» አሉ።

«ግብ ሊያገባ ነው እማማ።»

«እሱ ሲሄድ ሰይዴ በቦታው ይገባለታል። ሲመለስ ይለቅለታል። ይኸው፣ አሁንም! ያን ባለ ቀይ ልብሱንም እየው፤ ሰይዴ በሄደበት እየሄደ ፊቱ ይቆማል። ባለ ቀዩ እጁን አንሥቶ ይጣራል፣ የሚሰጠው የለም። የኔ ልጅ አንዲት ደቂቃ አላረፈም እኮ።»

ደነገጥኩ። ባለ ቀይ ልብሱ ያገሩ ሁሉ የሚፈራው አጥቂ ነበር። በዚያ ጨዋታ ምንም ሳያደርግ መውጣቱን ሁላችንም አይተን፣ ቀኑ አይደለም ብለን ነበር። ካሴቱን ወደኋላ መልሼ እንደ እሳቸው ሰይድን ብቻ አየሁ። ያ ሁሉ ሥራ እዚያው ነበር። እኔ ነኝ ኳሷን ስከተል ያላየሁት።

«እማማ» አልኩ። «ስለ ሰይድ ለአሠልጣኙ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አይረባም ብዬ። በእኔ ወረቀት ነው የተሰናበተው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዘወር ብለው አላዩኝም።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ደህና ነህ ብዬዋለሁ።»

«እንደዚያ ብሎኛል» አሉ ቀስ ብለው። «‹አያ ይመር ጨዋታዬን ወዶልኛል፣ ሌላ ሰው ነው ያበላሸብኝ› አለኝ። እስከሄደባት ቀን ስምህን በደግ ነው ያነሳ።»

አልረገሙኝም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። ብቻ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ሲሄዱ ካሴቱን ሰጠኋቸው፤ መብራት ወደሌለበት ቤታቸው በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት።

ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ይዘው፣ «እኔስ ዓይን አልነበረኝ?» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እሳቸውም እማማ ዘሀራም ዛሬ የሉም።

ባለቤቴ ይህን ባነሳሁ ቁጥር፣ «የገደለው ባሕሩ ነው፣ አንተ አይደለህም» ትለኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። እማማ ዘሀራ ያን ዕለት ረግመውኝ ቢሆን ኖሮ፣ እርግማኑን ተቀብዬ ዕዳዬን እየከፈልኩ ነው እል ነበር። ስሜን በደግ እያነሳ የሄደን ሰው ግን ወዴት ሄጄ ይቅርታ እንደምጠይቀው ሳላውቅ፣ ይኸው ሸመገልኩ።